በዩኑስ ስም

«ልጁ ከሥራ ከወጣ ከርሟል፤ ማን ይከራከርለታል? ታሪኩን ደግሞ ሃሴት ታጸዳዋለች። እሷ ካጸዳችው አቧራ አይቀርም፤ አታስብ።»

ሃሴት ይህን የሰማችው ፊቷን ሳሙና እንደቀባች መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆማ ነው። መስኮቱ ወደ ጓሮ ይከፈታል። የእህቷ ባል እስራኤል ደግሞ ሰው እንዲሰማው የማይፈልገውን ስልክ የሚያወራው ጓሮ፣ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ነው። እዚያ ሲቆም ከመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ሥር መሆኑን በዚህ ቤት በኖረበት ዘመን ሁሉ ልብ ብሎት አያውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ያን ዕለት ግን ባዳው ጆሮ የገዛ ስሟን ይዞላት መጣ። ሳሙናው ዓይኗ ውስጥ ገብቶ እስኪያቃጥላት ድረስ ቀጥ ብላ ጠበቀች። እስራኤል «እሺ፣ እሺ፣ አንተ ብቻ ጸልይ» ብሎ ስልኩን ዘጋና ወደ ቤት ገባ።

ቁርስ ላይ የጠበቃት ይበልጥ ግራ አጋባት። እስራኤል ቆሞ በልቶ፣ ሻዩን ሳይጨርስ መኪናው ውስጥ የሚገባ ሰው ነው። ያን ጠዋት ግን ፒያሳ ድረስ ሄዶ ትኩስ ዳቦ ገዝቶ፣ እንቁላሉን በእጁ ጠብሶ፣ ጠረጴዛው ራስ ላይ ተመቻችቶ ተቀምጧል። «ብዪ እንጂ ሃሲ፣ ምነው ከሳሽ?» አላት። በዚህ ቤት ስትኖር መክሳቷን ያየላት ሰው ይህ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ የተለመደው ወሬ ተወራ። ዳቦው መጠኑ አንሶ ዋጋው መጨመሩ፣ ቲማቲም እንደ ሥጋ በስስት የሚገዛ ነገር መሆኑ፣ የሐይቁ ዳር መንገድ ለጥገና መዘጋቱና ባጃጆች በዚያ ሰበብ ታሪፍ መጨመራቸው። ታላቅ እህቷ ደስታነሽ ሻይ ትቀዳለች፤ ዓይኗን ከብርጭቆዎቹ ላይ አላነሳችም። ደስታነሽ ባሏ ሲያወራ አፍ አፉን የምታይ ሴት ናት፤ ዛሬ አለማየቷን ሃሴት አስተዋለች፤ ግን ምን ብላ ትጠይቃት? በዚያ ቤት ሰው የሚጠየቀው ራበህ ወይ፣ ደከመህ ወይ ተብሎ ነው። ከዚያ ያለፈውን ሁሉም ለጸሎት ሰዓት ያቆየዋል።

«ድርጅቱን ሊገዙ ያሰቡት የአዲስ አበባ ሰዎች የክሊኒኩን ሶፍትዌር ሊያዩት ነው» አለ እስራኤል ዳቦውን እየቆረሰ። «ያ ሁሉ ዝባዝንኬ ታሪክ እንዲታይብን አልፈልግም። ከመጀመሪያው ቀን እስከ ዛሬ ያለውን አንድ አድርጊልኝ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ደግሞ በዩኑስ ስም አድርጊው፤ ቀኑም እሱ ሥራውን የጀመረበት ይሁን። አሰናብተነዋል ብለን ሐቁን አንነፍገውም አይደል? የለፋው እሱ ነው፤ ስሙ ይኑርበት።»

ሃሴት ደስ አላት። እውነቱን መናገር ካስፈለገ ከወንበሯ ብድግ ብላ ብታቅፈው ደስ ባላት ነበር። ዩኑስ በእስራኤል ቢሮ ውስጥ ከጎኗ ይቀመጥ የነበረ፣ አንድ መስመር ሲያቅታት ወንበሩን ስቦ የሚያስረዳት ባልደረባዋ ነው። «ሥራ ቀዝቅዟል» ተብሎ የተሰናበተ ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ የእህቷን ባል እንጀራ እየበላች ምን ትተነፍሳለች? ያ ነገር ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቆሞ ነበር። አሁን እስራኤል ራሱ «ስሙ ይኑርበት» ሲል አጥንቱ የወረደላት መሰላት፤ በመስኮቱ የሰማችውንም ነገር «ሌላ ጉዳይ ይሆናል» ብላ ወደ ጎን አደረገችው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ቁርስ ነው።

ከሰፈራቸው ከአዲስ ከተማ ፒያሳ ወዳለው ቢሮ በእስራኤል መኪና አልሄደችም፤ እሱ «ሌላ ቦታ ጉዳይ አለኝ» ብሎ ቀድሞ ወጣ። በባጃጅ ሄደች። ቢሮው ከጫማ መደብርና ከጥርስ ሐኪም በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ድሮ ፎቶ ቤት የነበረ አንድ ክፍል ነው። የኋለኛው ግድግዳ አሁንም ለፎቶ ዳራ እንዲሆን የተቀባው ሰማያዊ ነው፤ እስራኤል ቀለም ለማስቀባት ሲል ሲል ዓመታት አለፉ። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ጣሪያ ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ የሐይቅ ወፎች ራሰ በራቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው ይቆማሉ። ፀደይ፣ የቢሮው ሌላዋ ሠራተኛ፣ «አለቆቹ መጡ» እያለች ታፌዝባቸዋለች። የዩኑስ ወንበር አሁን የፀደይ ካፖርትና ቦርሳ ማስቀመጫ ሆኗል። አራተኛው ሰው ሮቢ አዲስ አበባ ነው፤ በኢንተርኔት ይሠራል፤ ድምጹ እንጂ ፊቱ ከተረሳ ቆይቷል።

ብዙ ሰው አንድ ሶፍትዌር ላይ ሲሠራ፣ ማን፣ መቼ፣ የትኛዋን መስመር፣ ለምን ብሎ እንደነካ እየመዘገበ የሚያስቀምጥ ሥርዓት አለ፤ ታሪክ ይሉታል። የሃሴት ሥራ፣ ማንም ሳይሾማት የያዘችው ሥራ፣ ይህን ታሪክ ንጹህ አድርጎ መጠበቅ ነው። ሮቢ ለምሳሌ ለአንዲት ለውጥ መጀመሪያ «ተስተካከለ»፣ ቀጥሎ «አሁን ተስተካከለ»፣ ቀጥሎ «በእናትህ ሥራ» ብሎ የሚመዘግብ ሰው ነው። ሃሴት እነዚህን ትሰበስብና አንድ አድርጋ፣ ነገ ከነገ ወዲያ የሚያነበው ሰው እንዲገባው በሰው ቋንቋ አንድ ዓረፍተ ነገር ትጽፍበታለች። አንድ ጊዜ ሮቢ የአንድ ክሊኒክ በሽተኞችን ስም ከነበሽታቸው የያዘ ፋይል ሳያውቅ ታሪኩ ውስጥ አስገብቶት ነበር። ያን ጊዜ ሃሴት ፋይሉን ከታሪኩ ከሥር መሠረቱ ነቅላ አወጣችው። ሆኖም ፀደይ የድሮውን ቅጂ በላፕቶፗ ይዛ ኖሮ፣ በማግስቱ ሥራዋን ስታስገባ ያን ቆሻሻ ሁሉ መልሳ አመጣችው። ከዚያ ወዲህ በቢሮው አንድ ሕግ ጸና። ሃሴት ታሪክ ባጸዳች ቁጥር በቴሌግራም ግሩፓቸው «የያዛችሁትን አጥፉ፣ አዲሱን ውሰዱ» ብላ ትጽፋለች፤ ሁሉም ያጠፋል፤ ሁሉም «ተደርጓል» ይላል። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ሃሴት ተሳስታ አታውቅማ።

ሥራውን ከመጀመሯ በፊት ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ጊዜ አየችው። እንደ ልማዷ ነው፤ የሚጣል ነገር ውስጥ የሚፈለግ እንዳይኖር። ብዙውን ዩኑስ ነው የሠራው፤ ስሙ እንደ መዝሙር አዝማች ይደጋገማል። ወደ መጨረሻው አካባቢ የእስራኤል ስም ብቅ ሲል ዓይኗ ትንሽ ቆመ፤ እስራኤል ኮድ መንካት ካቆመ ቆይቷልና። «ማስጠንቀቂያው ይጥፋ፤ ደንበኛ ጠይቋል» ይላል። ቀጥሎ ዩኑስ «ማስጠንቀቂያው ተመልሷል፤ ማጥፋት ልክ አይደለም»። ቀጥሎ እንደገና እስራኤል፣ «ይጥፋ ተብሏል»። ከዚያ በኋላ የዩኑስ ስም የለም። ሃሴት ሁለቱ ተከራክረዋል ማለት ነው አለች፤ ድሮም ይከራከራሉ። ጣቷ የማውሱን መንኮራኩር ገፋውና መስመሮቹ አለፉ። ጠዋት በመስኮቱ የሰማችው ቃል አንድ ጊዜ ትዝ ብሏት አለፈ። እዚያ ላይ ብትቆም ኖሮ ምን ትል ነበር? «እስራኤል፣ ይህ ምንድነው?» ብላ የምትጠይቅበት አፍ አልነበራትም፤ ስለዚህ ዓይኗም እንዳላየ ሆነ።

ሁሉንም አንድ አደረገችው። በዩኑስ ስም፣ ሥራው በተጀመረበት ቀን፣ «የክሊኒክ ሶፍትዌር፣ የመጀመሪያ ሙሉ እትም» ብላ ጻፈችበት። በሰርቨሩም በራሷ ላፕቶፕም ላይ የድሮው ስብርባሪ እንዳይቀር ራሷ ያዘጋጀችውን ትእዛዝ ሰጠች፤ ያቺ ትእዛዝ ጥጋጥጉን ሁሉ የምትጠርግ ናት፤ ሃሴት እንደ ሰነፍ ቤት ጠራጊ ቆሻሻ ምንጣፍ ሥር አትሸሽግም። ከዚያ ግሩፑ ላይ ጻፈች፦ «የያዛችሁትን አጥፉ፣ አዲሱን ውሰዱ። ሥራው በዩኑስ ስም ተመዝግቧል፤ ይገባዋል።» ፀደይ ከጠረጴዛዋ ማዶ እጇን አውጥታ «ተደርጓል» አለች። ሮቢም ጻፈ። እስራኤል የጸሎት እጆች ምልክት ላከ።

ምሳ ከፀደይ ጋር ፍርፍር በሉ። መብራት ሄዶ መጣ። ከሰዓት በኋላ የቢሮው ስልክ ጮኸ፤ የደወለችው ቱላ ካሉት ክሊኒኮች የአንዱ ነርስ ዘነበች ናት። ዘነበች ሲዳምኛ አፏን የፈታችበት ቋንቋ ስለሆነ አማርኛዋን ቀስ እያለች መርጣ ነው የምትናገረው፤ ያን ቀን ግን ቃሉ እየቀደማት ይወድቅ ነበር።

«ሃሴት፣ ያ ቀዩ ነገር አለ አይደል? የልጅ መድኃኒት ለኪሎው ሲበዛ የሚመጣው፣ ቁሚ የሚለው። እሱ ከመቼ ነው የሌለው?»

«አለ እኮ። ለምን አይኖርም?»

«የለም። እኔ ትናንት አለ ብዬ ነው የሰጠሁት። ዜሮ አንድ በዝቶ ተጽፎ ነበር፤ ከበዛ ይናገራል ብዬ። አልተናገረም። ልጁ አልነቃም፤ ወደ ሆስፒታል ወስደውታል። ዛሬ ሰዎች መጥተው ኮምፒውተሩን አዩ። የሠራው ልጅ ነው ያጠፋው አሉኝ። አለቃችሁ ነገራቸው።»

ሃሴት ስልኩን ሳትዘጋ ኮዱን ከፈተች። ማስጠንቀቂያው ያለበት መስመር ጠፍቷል፤ በስህተት እንዳልሆነ ያስታውቃል፤ በሥርዓት ተዘግቷል። ወዲያው ጣቷ ከልማድ የተነሣ ወደ ታሪኩ ሄደ፤ ማን እንደዘጋው ሊያሳያት። አንዲት መስመር ብቻ ወጣች። ስም፦ ዩኑስ ሙህዲን። ቀን፦ ሥራው የተጀመረበት። የራሷ ንጹህ ዓረፍተ ነገር ከሥሩ ተጽፏል። ከሥር ወደ ታች ልትሄድ ገፋችው፤ ታች የለም። የክሊኒኮቹ ባለቤቶች ማስጠንቀቂያው ሐኪም ካልፈቀደ አላሳልፍ እያለ ሰልፍ አበዛብን ብለው እንደሚያጉረመርሙ ሰምታለች። ማን እንዳጠፋላቸው ደግሞ ጠዋት በገዛ ዓይኗ አይታዋለች። ያየችው ዓይን ብቻ ነው የቀረው።

«ዘነበች፣ መልሼ እደውልልሻለሁ» አለች። ፈርታለች። ለራሷ መፍራቷ ይሁን ለዩኑስ ገና አልለየችውም።

እስራኤል ስልኩን ዘግቷል። ፀደይን «የድሮው ቅጂ ድንገት አልጠፋ ብሎሽ ይሆን?» አለቻት። ፀደይ ሳቅ አለች፤ «ያኔ ያን ሁሉ ቆሻሻ መልሼ ካመጣሁ ወዲያ? አንቺ አጥፊ ካልሽ እኔ ሁለቴ ነው የማጠፋው» አለች። ሮቢ «ቅርጫቱንም ባዶ አድርጌዋለሁ አለቃዬ» ብሎ ጻፈላት። ሃሴት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ቤት ስትደርስ የእስራኤል መኪና የለም። ደስታነሽ ሳሎን ውስጥ ሶፋው ላይ ተቀምጣ የባሏን ሸሚዞች ታጣጥፋለች። ተጣጥፎ ያለቀውን ሸሚዝ ዘርግታ እንደገና ታጣጥፈዋለች። መጋረጃው በቀን ተዘግቷል። ሃሴት ቆማ እስራኤል የት እንደሄደ ጠየቀች፤ ደስታነሽ ለስብሰባ አዲስ አበባ እንደበረረ፣ እሁድ ለአምልኮ እንደሚደርስ ነገረቻት። ውጭ የጎረቤት ውሃ መሳቢያ ሞተር ይጮኻል። ሃሴት ከይርጋለም ስትመጣ በዚህ ሶፋ ላይ ነው የተኛችው፤ የኮሌጅ ክፍያዋን በዚህ ቤት ነው ያገኘችው፤ ይህን ደስታነሽ አንድም ቀን አንስታባት አታውቅም፤ ዛሬም አላነሳችውም። አለማንሳቷ ግን ክፍሉን ሞልቶታል።

«ዴስቲ፣ ቱላ አንድ ልጅ ታሟል» አለች ሃሴት።

«ሰምቻለሁ። ጸሎት ይዘንለታል።»

«ማስጠንቀቂያውን ያጠፋው እስራኤል ነው። እኔ ደግሞ ዛሬ ታሪኩን አጠፋሁለት። በዩኑስ ስም አደረግኩት።»

ደስታነሽ የሸሚዙን ክሳድ በመዳፏ አስተካከለች። «የዩኑስ ወገኖች ነጋዴዎች ናቸው። ዘመድ አላቸው፣ ጠበቃም አያጡም። እኛ ማን አለን?» አለች። ቀጥላ ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔ ኮምፒውተራችሁን አላውቅም። የማውቀው ይህን ቤት ነው። አንቺም የምታውቂው ይህንኑ ቤት ነው፣ ሃሴት» አለቻት። በሙሉ ስሟ ስትጠራት ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ሃሴት እህቷን አየቻት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ያ ነው የከበደው። ከዚህ ቤት ስትወጣ ተመልሳ የምትገባ አልመስላት አለ፤ ግን አንድ ተስፋ ነበራት። ዩኑስ ከቢሮው ሲወጣ ላፕቶፑ የራሱ ስለነበር ይዞት ነው የሄደው፤ ከነሙሉ ታሪኩ። እሱ ደግሞ ከሠራተኝነት የወጣ ሰው ነው፤ የቢሮው ሕግ አይመለከተውም፤ ከቴሌግራም ግሩፑ ገና ባይወጣም «ተደርጓል» አላለም።

የሙህዲን ሱቅ ገበያው ውስጥ ነው፤ ገመድ፣ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ጆንያና ስፖንጅ ፍራሽ ይሸጣል። ባጃጁ ከዋናው መንገድ አላልፍም ስላላት በእግሯ ገባች። ዩኑስ ለአንዲት ገበሬ ሴት ገመድ እየለካ ነበር፤ ሲያያት ፊቱ በራ። አባቱ ጋሽ ሙህዲን ከመደርደሪያው ኋላ ተነስተው በሁለት እጃቸው ጨበጧት፤ ወንበር አስጠርገው አስቀመጧት፤ ለስላሳ አስከፈቱላት።

«ስሙን አስገባሽለት አሉ። ዩኑስ አሳየኝ። ለጎረቤት ሁሉ አሳየሁ» አሉ። «ከሥራ ሲወጣ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ልጄ ምን አጥፍቶ ነው ብዬ እኔም እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። አላህ ይስጥሽ ልጄ።»

«አሜን ጋሽ ሙህዲን። እርስዎንም ያቆይልን» አለች፤ የገዛ ድምጿን ጠላችው። ሴትየዋ ገመዷን ይዛ እስክትሄድ ጠበቀች፤ የለስላሳውን ጠርሙስ ሳትነካው በእጇ ይዛ ቆየች። ከዚያ ወደ ዩኑስ ጠጋ ብላ፣ «ላፕቶፕህ እዚህ ነው? የክሊኒኩ የድሮ ቅጂ አለህ አይደል?» አለችው።

«ጠዋት አጠፋሁት እኮ» አለ ዩኑስ።

«ለምን? አንተን ምን አገባህ? ወጥተሃል እኮ።»

«አጥፉ ብለሽ ጻፍሽ አይደል? የበሽተኛ ስም ተገኝቶበት ይሆናል፣ እኔ ጋ ቀርቶ ነገ ጣጣ ይሆናል ብዬ ነዋ። አንቺ በምትይው መንገድ ጥጋጥጉንም ጠረግኩት። አዲሱን ግን መውሰድ አልቻልኩም፤ ፈቃዴን ዘግተውታል።» ሳቀ። «ምነው? ፈለግሽው እንዴ?»

ሃሴት ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከየት ትጀምር? ከልጁ ትጀምር ወይስ ከስሙ? አባትየው ከጎናቸው ቆመው ፈገግ እንዳሉ ናቸው። ቃሉን ስትፈልግ ሁለት ሰዎች ሱቁ በር ላይ ቆሙ። አንደኛው ቆዳ ጃኬት የለበሰ ነው፤ ሁለተኛው ክላሰር በብብቱ ይዟል። የፖሊስ መታወቂያ አሳዩ። ጋሽ ሙህዲን ደንበኛ መስሏቸው ወንበር ሊያስጠርጉ ዞሩ።

«ዩኑስ ሙህዲን ማነው?»

«እኔ ነኝ። ምን ልታዘዝ?»

ጃኬት የለበሰው ሰው ለመቸኮል ምክንያት የሌለው ሰው ይመስል ነበር። ቱላ አንድ ሕፃን የመድኃኒት መጠን በዝቶበት እንደነበር፣ ጠዋት የክሊኒኩን ኮምፒውተር እንዳዩ፣ ሕፃኑ ዛሬ ቀትር ላይ እንዳረፈ ተናገረ። ጋሽ ሙህዲን «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አሉና መደርደሪያውን ተደገፉ። ክላሰር የያዘው ሰው ከድርጅቱ የተሰጣቸው ነው ብሎ አንድ ወረቀት አወጣ። ሃሴት ከርቀት አወቀችው፤ አንዲት መስመር፣ አንድ ስም፣ ከሥሩ የራሷ ዓረፍተ ነገር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ወረቀቱ ዩኑስን ይዟል።

ዩኑስ ወረቀቱን ተቀብሎ አነበበው። ስለ ሕፃኑ ደንግጧል፤ ስለ ራሱ ግን አልፈራም። ይህን አለመፍራቱን ሃሴት ማየት አልቻለችም።

«ይሄ ማጠቃለያው ነው» አለ። «ያ ማስጠንቀቂያ እንዳይጠፋ ብዬ ነው ከሥራ የወጣሁት። እኔ መልሼው ነበር፤ ማን መልሶ እንዳጠፋውም ተጽፏል። እሷን ጠይቋት። ማን የትኛዋን መስመር እንደነካ፣ አንድ ሳታስቀር ታሪኩን የምትጠብቀው እሷ ናት። ንገሪያቸው ሃሲ።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። «አላውቅም» ማለት ይቻል ነበር። ማንም ሊያስረዳባት አይችልም፤ ራሷ ጥሩ አድርጋ ነው የጠረገችው። ያቺ የተጣጠፈ ሸሚዝ የምታጣጥፍ እህቷ ታየቻት፤ ቤቷ ታያት፤ ነገ ማደሪያ የሌላት መሆኑ ታያት። ጠርሙሱን መሬት አስቀመጠች።

«ተጽፎ ነበር» አለች። «ዛሬ ጠዋት እኔ አጠፋሁት። ማስጠንቀቂያውን ያጠፋው ዩኑስ አይደለም፤ የድርጅቱ ባለቤት እስራኤል ነው። የእህቴ ባል ነው። አይቼዋለሁ።»

«ማስረጃ አለሽ?»

«የለኝም። ቅጂ የነበረው ሰው ሁሉ አጥፍቷል። እኔ ነኝ አጥፉ ያልኳቸው።»

ሰውየው ወረቀቱን አየ፤ እሷን አየ፤ እንደገና ወረቀቱን አየ። ከዚያ አጥፎ ክላሰሩ ውስጥ አስገባውና «ሁለታችሁም እንሂድ፤ እዚያ ትናገሩታላችሁ» አለ። ጋሽ ሙህዲን ጫማቸውን ሊፈልጉ ጎንበስ አሉ፤ ጫማቸው እግራቸው ላይ ነው። የጎረቤት ሱቆች በር በሰው ተሞላ፤ ጠዋት የልጃቸውን ስም ያሳዩዋቸው ሰዎች ናቸው። ከገበያው እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ሁለቱ ሰዎች ከፊትና ከኋላ ሆነው፣ ሃሴትና ዩኑስ መሐል ጎን ለጎን ሄዱ። ዩኑስ የሆነ ነገር በሐሳቡ ከኋላ ወደ ፊት እየደረደረ እንደሆነ ከግንባሩ ያስታውቃል። መኪናው አጠገብ ሲደርሱ ቆሞ አያት። ፊቱ ላይ ቁጣ የለም።

«የኔን ቅጂ» አለ፣ «ስታስጠፊኝ አውቀሽ ነው?»

አላወቅኩም ልትለው ፈለገች፤ ግን ጠዋት በመስኮቱ የሰማችውና አይታ ያለፈችው መስመር ትዝ አላት። ጃኬት የለበሰው ሰው በሩን ከፍቶላት ቆሞ እየጠበቀ፣ ያቺ ቃል ከአፏ አልወጣ አለቻት።